የጋራ ማዕድ ሒሳብ፦ ከባሮ ወንዝ ዳር እስከ ኒው ኦርሊንስ



በዓመቱ መጨረሻ አባላት ተሰብስበን የምንበላው የጋራ እራት በበጀት ውይይት ላይ ጥያቄ ሳያስነሳ ያለፈበት ጊዜ የለም። «ይህ ገንዘብ ወደ ቁጠባው ቢገባ አይሻልም ወይ?» የሚሉ እህቶች አሉ። ደጋፊዎቻችንም ሪፖርታችንን ሲያነቡ ከሁሉ ቀድሞ ዓይናቸው የሚያርፈው በዚህች አንድ መስመር ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሥልጠና የወጣ ገንዘብ ስንት ሰው እንዳሠለጠነ ይነገራል፤ ለብድር የወጣው ስንቷ እንደመለሰች ይታያል። የእራት ወጪ ግን ምን አስገኘ ተብሎ በየትኛው አምድ ይጻፋል?

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ እራት ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ለድምፅ ይቀርባል። ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች መልሱን ከደረሰኝ ብቻ ልናገኘው አልቻልንም። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደን፣ በከተማችንም በሌላ አገርም ሰዎች በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ ምን እንዳተረፉና ምን እንደከፈሉ ለማየት ሞክረናል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

ወንዝ ያመጣው ማዕድ

የጋምቤላ ከተማ በቤተ መንግሥት ወይም በገዳም ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። አስቀድሞ በባሮ ዳር፣ አኝዋሃዎች ኦፔኖ በሚሉት ወንዝ ዳር፣ የአኝዋሃ መንደሮች ነበሩ። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን ንግድ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ አንቀጾች አንዱ በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳርቻ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር አገልግሎት እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተስማሙ። በኋላ ጣቢያው ከኢታንግ ይልቅ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ከተማችን ባለችበት ቦታ ተተከለ።

ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ሲመጡ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደውን ቡና ይጭናሉ። በጋ ሲሆን ወንዙ ይጎድላል፤ መርከቡም ይቀራል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች፣ ከሱዳን የመጡ ሠራተኞች፣ ከደጋ የወረዱ ሲራራ ነጋዴዎች፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ሁሉ በዚያች ጠባብ የወንዝ ዳርቻ ተገናኙ።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ዓይን አንድ ነገር ያያል። የቡናው ጆንያ ይቆጠራል፤ ጨውም ይመዘናል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ሁሉም መዝገብ አለው። ጭነት የሚያወርደው፣ በቅሎ የሚነዳው፣ መርከብ የሚጠብቀው ሰው ግን በየቀኑ መብላት ነበረበት። እህሉን የፈጨችው፣ ውኃ ከወንዝ የቀዳችው፣ እንጨት ለቅማ እሳት ያነደደችው ሴት ለድካሟ በጉምሩክ መዝገብ ውስጥ አምድ አልነበራትም። ንግዱ ያለ እርሷ አንድ ቀን አይውልም ነበር፤ በትርፍና ኪሳራው ውስጥ ግን ስሟ የለም።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ጋምቤላም ተያዘች፤ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ እንግሊዞች ተመለሱ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል በራሱ ቃል አበቃ፤ ጋምቤላም በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ዛሬ መርከቡ የለም፤ የግሪኮቹ ሱቅም የለም። የቀረው የተደባለቀው ማዕድ ነው።

በአንድ ገበታ ላይ ምን አለ?

የማኅበራችን እራት የሚቀርበው ማንም ሳያዝዝ አባላት ከየቤታቸው በሚያመጡት ምግብ ነው። ጠረጴዛውን የተመለከተ ሰው የክልላችንን ታሪክ ያነብበታል።

ከባሮ የወጣ ናይል ፐርች ተጠብሶ ይቀርባል፤ አምባዛና ቆሮሶም ይኖራል። አኝዋሃዎች በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚያርሱ፣ አሳ የሚያጠምዱ ሕዝብ ናቸው፤ የበቆሎ ገንፎና አሳ አብረው ሲቀርቡ ያን ኑሮ ያሳያሉ። ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅባትም የዚሁ ቆላ ሀብት ነው። የኑዌር እህቶቻችን ወልወልና ኮፕ ያመጣሉ፤ እህሉ ተፈጭቶ በትናንሹ ተድቦልቡሎ ወይም ተፈርፍሮ ይበስልና ከወተት ጋር ይበላል። ከብት የኑሮው ምሰሶ በሆነበት ቤት ወተት ዋና ምግብ መሆኑ አያስገርምም። ከመዠንግር ወገን ማርና ጎደሬ ይመጣል፤ የጫካው አገር ነውና። ከኦፖና ከኮሞ እህቶችም ማሽላውና ማሩ አይጠፋም። ከደጋ የመጣን ደግሞ እንጀራና ወጥ ይዘን እንመጣለን። ከሱዳን ጋር የምንጋራው ፉል፣ ስስ የማሽላ ቂጣ የሆነው ኪስራ፣ ባሚያውም አለ።

ይህ ሁሉ ሰው እዚህ የተገናኘው በአንድ መንገድና በፈቃድ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ በነበረበት ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ጋምቤላ አሰፈረ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ቁጥር ደግሞ ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ስደተኞች በክልላችን ይጠለላሉ፤ በተለይ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ በዝቷል። የሰፈራውም የስደቱም ታሪክ ዳፋው ለሴት ነው፦ በማታውቀው አፈር፣ በማታውቀው እህል፣ ልጆቿን የምታበላው እርሷ ናትና።

ለዚህ ነው የተደባለቀ ማዕድ ቀላል ነገር ነው ብለን የማንጽፈው። ማዕድ ሕግ አለው። በቀድሞው የኑዌር ልማድ አንድ ጎልማሳ ዝምድና በሌላት ልጃገረድ ፊት አይበላም፤ ይህ ንቀት ሳይሆን አክብሮት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ የጾም ቀን አለ፤ በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም አለ። ሙስሊሟ እህታችን በእምነቷ ሥርዓት ያልታረደ ሥጋ አትበላም። ያንዱን ምግብ «ምግብ»፣ የሌላውን «የብሔረሰብ ምግብ» ብሎ መጥራትም አለ፤ ይህን የሚለው ሰው ክፉ ሳይሆን ሳያስተውል ይለዋል፤ ሰሚዋ ግን ታስተውላለች።

የማኅበር ልማድ

አብሮ መብላትን በመዝገብና በተራ ማስኬድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ያላቸው ሰዎች ሥራውን ያውቁታል። አባላቱ ተራ አላቸው፤ ባለ ተራው ቤቱን አሰናድቶ ይደግሳል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሌሎች ፊት ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። ደሃውም ሀብታሙም ተራው እኩል ይደርሰዋል። እድርም እንዲሁ ነው፤ በወር የሚከፈለው ጥቂት መዋጮ የሐዘን ቀን ድንኳንና ድስት፣ ሰውና እህል ሆኖ ይመለሳል።

በእነዚህ ልማዶች ውስጥ የምናገኘው ቁም ነገር ተራ የሚባለው ነገር ነው። ዛሬ የበላ ነገ ያበላል። ሁልጊዜ አስተናጋጅ፣ ሁልጊዜ እንግዳ የሚባል ሰው የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በሒሳብ ቋንቋ ሲተረጎም የወጪ ክፍፍል ነው።

የክሪዮል ማዕድ በሌላ ወንዝ ዳር

እንደ እኛ በወንዝና በንግድ የተሠራች፣ እንደ እኛ የተደባለቀ ማዕድ ያላት ሌላ ከተማ በአሜሪካ አለች። ኒው ኦርሊንስ ትባላለች፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ መጨረሻ አጠገብ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1718 ፈረንሳዮች ቆረቆሯት፤ ቀጥሎ እስፓኞች ገዟት፤ በ1803 አሜሪካ ከፈረንሳይ ላይ በገንዘብ ገዛቻት። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ነበሩባት። ክሪዮል የሚለው ቃል መነሻው በዚያው በአዲሱ ምድር የተወለደ ማለት ነው፤ በኋላ የተደባለቀው ሕዝብና ምግቡ ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ።

የክሪዮል ምግብ ዋነኛው ጋምቦ ነው። ስሙ በመካከለኛው አፍሪካ ቋንቋዎች ባሚያ ማለት ከሆነ ቃል የመጣ ነው ይባላል። ዱቄት በስብ እያመሱ ወጡን ማወፈር ከፈረንሳይ፣ የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት ከአገሬው ከቾክቶ ሕዝብ፣ ባሚያው ከአፍሪካ መጣ። እኛም ቤት ወጥ የሚያወፍረው ያው ባሚያ ነው። ያበሰሉት አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ በባርነት ዘመን ያለ ደመወዝ፣ ከባርነትም በኋላ በትንሽ ደመወዝ። ምግቡ ሲመሰገን ስማቸው የማይጠራበት ዘመን ረጅም ነበር።

የዚያች ከተማ ጥቁር ነዋሪዎች ከእድራችን ጋር የሚመሳሰል ማኅበርም ነበራቸው። አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሲታመሙ ሐኪምና መድኃኒት ያገኛሉ፤ ሲሞቱ በክብር ይቀበራሉ። በዓመቱም አብረው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ በሙዚቃ ታጅበው በሰልፍ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ስማቸው ላይ እርዳታንና ደስታን አጣምረው ይጠራሉ። ድግሱን ከእርዳታው ለይተው አላዩትም፤ መዋጮው የሚሰበሰበው ሰው ሰውን ስለሚያውቅ ነውና።

ዱኪ ቼዝ የተባለው የክሪዮል ምግብ ቤት በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1941 በአንድ ቤተሰብ ተከፈተ። በኋላ የቤተሰቡ ምራት የሆነችው ሊያ ቼዝ ወጥ ቤቱን ያዘች። በዚያ ዘመን በከተማዋ ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ መብላት በሕግ የተከለከለ ነበር። በ1960ዎቹ የሲቪል መብት ታጋዮች፣ ጥቁሮችም ነጮችም፣ በምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ባለ ክፍል እየተሰበሰቡ ጋምቦ እየበሉ ይመክሩ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግም ከእነዚያ እንግዶች አንዱ ነበር። ምግቡ ትግሉን አላሸነፈም፤ ያሸነፈው የብዙ ሰው መሥዋዕትነት ነው። ሆኖም ሰዎቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ባይኖር ምክሩ የት ይመከር ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ምግብ ቤቱን አጥለቀለቀው፤ ሊያ ቼዝ ሰማንያ ዓመት አልፏት ሳለ እንደገና ከፈተችው። በ2019 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ከወጥ ቤቷ አልራቀችም።

ለእኛ ለራስ አገዝ ማኅበር ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበን የጆርጂያ ጊልሞር ታሪክ ነው። በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድደውን አውቶቡስ ለ381 ቀናት አንሳፈርም ባሉ ጊዜ፣ ሠራተኛውን ወደ ሥራ የሚያመላልሱ መኪኖች ያስፈልጉ ነበር፤ መኪኖቹም ነዳጅ። ጆርጂያ ጊልሞር ምግብ አብሳይ ነበረች። ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ ዶሮ፣ አሳና ኬክ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ፤ ገንዘቡንም ለትግሉ አስረከቡ። አብዛኞቹ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ስለነበሩ ስማቸው ቢታወቅ እንጀራቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ቡድናቸውን «ከየትም ያልመጣ ክለብ» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ከየትም» ነው። ጊልሞር በፍርድ ቤት ከመሰከረች በኋላ ከሥራዋ ተባረረች፤ ከዚያም በቤቷ እያበሰለች መሸጥን ሥራዋ አደረገችው፤ ጥቁርና ነጭ በአንድነት በእርሷ ማዕድ በላ።

ቀኑን ልብ እንበል። ጋምቤላ ለአገሯ በተመለሰችበት በጥቅምት 1949 ዓ.ም. የሞንትጎመሪ ሴቶች ገና እያበሰሉ ነበር፤ ድላቸው የመጣው በታኅሣሥ ነው። በባሮ ዳር ያበሰለችው ሴት አምድ አልነበራትም ብለናል። በሞንትጎመሪ ያሉት ሴቶች ግን ያበሰሉትን ራሳቸው ሸጡ፣ ራሳቸው ቆጠሩ፣ የት እንደሚውልም ራሳቸው ወሰኑ። ስማቸውን የደበቁት ራሳቸው መርጠው ነው እንጂ መዝገብ አጥተው አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ታዲያ የእኛ እራት ምን ያስገኛል?

በከተማችን ሰው ሰውን የፈራበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በብዙ የአኝዋሃ ቤቶች ሐዘን ገብቷል። በጥር 2008 ዓ.ም. በአኝዋሃና በኑዌር ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት እንደገና ሰው ሞቷል፤ ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጋው ገበያ ነው፤ ገበያ ሲዘጋ ቁጠባ ይቆማል፤ ብድር አይመለስም። አሳ ሻጯ ደንበኛዋ ወዳለበት ሰፈር መሄድ ትፈራለች። በሒሳብ ቋንቋ ፍርሃት ኪሳራ ነው።

እራት ግጭትን ያስቀራል ብለን አንጽፍም፤ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለንም። ሆኖም ማኅበራችን ለአባል ብድር ሲሰጥ መያዣ አይጠይቅም። መያዣው መተዋወቅ ነው። ያልተዋወቀ ሰው ዋስ አይሆንም፤ አብሮ ያልበላ ሰው ደግሞ በደንብ አይተዋወቅም። የእህቷን ምግብ ያልቀመሰች፣ ለምን ይህን እንደማትበላ ያልጠየቀች አባል፣ በክፉ ቀን ስልክ ደውላ «ገበያ አትውጪ፣ ዛሬ ደህና አይደለም» አትላትም። የእራቱን ጥቅም በዚህ በኩል ማየት ይቻላል፦ ያለ መያዣ ለምናበድረው ገንዘብ የምንከፍለው አነስተኛ መድን ነው።

ስለዚህ እራቱ ይቀጥል እንላለን፤ ግን እንደ እስከ ዛሬው አይሁን። ከታሪኩ የተማርነውን በአምስት ነጥብ ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ደጋፊዎች ለሥልጠናና ለብድር ከሰጡት ገንዘብ ለእራት ምንም አይወጣ። እራቱ በአባላት መዋጮና ከቤት በሚመጣ ምግብ ብቻ ይሁን። ያን ጊዜ ማዕዱ የራሳችን ይሆናል፤ የደጋፊዎችም ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ከቤት የሚመጣው ምግብ በዓይነት መዋጮ ሆኖ በግምት ዋጋው ይመዝገብ፤ ያበሰለችበት ሰዓትም ይጻፍ። ገንዘብ የላትም የምትባል እህት ከሁሉ የበለጠ ያዋጣች ሆና ልትገኝ ትችላለች። ይህ በቡናው መርከብ ዘመን ያልነበረው አምድ ነው።

ሦስተኛ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ይኑር። ማስተናገዱ በየዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይዙር፤ ምግብ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ አይውደቅ። ፊት የሚቀመጡት የኮሚቴ አባላትም ተራቸው ሲደርስ ይጠቡ።

አራተኛ፣ ቀኑ ከጾም ውጭ ይመረጥ፤ ሥጋ ካለ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንደየሥርዓቱ ተለይቶ ይቅረብ፤ ለብቻዋ ተቀምጣ መብላት የምትፈልግ እህት ለምን አትባል። አሳው፣ ወልወሉ፣ ጎደሬው፣ ኪስራውና እንጀራው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ እያንዳንዱ በስሙ ይቅረብ።

አምስተኛ፣ በስደተኛ ጣቢያ የሚኖሩና ከእኛ ጋር የሚሠሩ ሴቶች እንደ እንግዳ ብቻ ሳይሆን እንደ ተረኛ ይጠሩ። ሁልጊዜ የሚረዳ ሰው አንድ ቀን ማስተናገድ ሲችል ወገቡ ይቀናል፤ ይህን ከራሳችን እናውቀዋለን።

ጉባኤው ከተስማማ ለሚቀጥለው ዓመት መዝገብ አዲስ ገጽ እናዘጋጃለን። አምዶቹ አራት ናቸው፦ ስም፣ ያመጣችው ምግብ፣ የፈጀባት ሰዓት፣ ግምት ዋጋ። ከጉባኤው በፊት አስተያየት ያላችሁ እህቶች በየቡድን ሰብሳቢዎቻችሁ በኩል ላኩልን፤ የማንስማማበትንም ነገር ተቀምጠን እንነጋገርበታለን።